ወደ ቦምቤ የተላከች ምስክር

ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ሰብስቤ ስልኩን እየነካካ፣ «ለዘንድሮው የልጆች እረፍት ወላይታ ብንወርድስ? ያንቺ አገር የሚታይ ነገር አለው ወይስ ዝም ብሎ መንገድ መፍጀት ነው?» አለኝ። ጥያቄው ምንም ክፋት የለበትም። እሱ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ ሶዶን የሚያውቃት ሠርጋችን ላይ በበላው ጥሬ ሥጋና ባቃጠለው ዳጣ ብቻ ነው። እኔ ግን የምከትፈውን ሽንኩርት ትቼ ጓሮ ወጣሁ። «እንሄዳለን» ልለው ተመልሼ እስክገባ ድረስ ወጡ አርሮ ነበር።

ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ተጠይቄዋለሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ መልሱንም እንደ ዳኛ ነው የሰጠሁት። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ሚሊኒየሙ ሊገባ ነው ተብሎ ሶዶ በባንዲራና በከናቴራ ያበደችበት ክረምት ነው። አባቴ ሶርሳ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ እናቴ ማርያማዊት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ። እሱ የቦምቤ ገጠር ልጅ፣ ጴንጤ። እሷ አያቷ ከሸዋ በሹመት መጥተው ሶዶ የቀሩ፣ ጾም የማትገድፍ ኦርቶዶክስ። እኔና ታናሽ ወንድሜ እዮኤል እሁድ እሁድ አንዱን ሳምንት ከእሱ፣ አንዱን ሳምንት ከእሷ ጋር እንሄድ ስለነበር መዝሙሩንም ቅዳሴውንም ግማሽ ግማሽ ነው የምናውቀው። ወላይትኛችንም እንደዚያው ነበር። ቤት ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ነው፤ ወላይትኛ ከሰፈር ልጆች ጋር ስንጣላና ገበያ ስንላክ የለቃቀምነው ነው።

በዚያ ዓመት አባቴ፣ አዲሱን ሺህ ዓመት ቤት ተቀምጠን አንቀበልም፣ ቤተሰቡ በሙሉ ሽርሽር ይሄዳል ብሎ አወጀ። እኔና እዮኤል አልጋ ላይ ዘለልን። ጭቅጭቁ የመጣው ወዴት ነው የምንሄደው የሚለው ላይ ነው። እናቴ ሐዋሳ አለች። እህቷ ፈጠነች እዚያ ናት፤ ሐይቅ አለ፣ ዓሣ አለ፣ ጀልባ አለ። አባቴ ቦምቤ አለ። መስከረም ውስጥ ጊፋታ አለ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፤ የትም የሄደ የወላይታ ልጅ ለጊፋታ ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል። ደግሞ እዚያው አካባቢ አጆራ ፏፏቴ አለ፣ ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣለት፤ ልጆቼ መጽሐፍ ላይ ከሚያዩት በዓይናቸው ይዩት አለና ጠረጴዛው ላይ ካርታ ዘርግቶ አስተማረን። አባቴ ፏፏቴ እንዲህ የሚወድ ሰው መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ያወቅኩ መሰለኝ ልበል እንጂ።

እናቴ ካርታውን ቀና ብላም አላየችው። «ለሠርጌ ያልመጡ ሰው ለሚሊኒየም ናፈቅኳቸው?» አለች።

እውነቷን ነው። የአባቴ እናት፣ አያቴ ቦሼ፣ ለሠርጉ አልመጡም። ቤታችንን አንድም ቀን ረግጠውት አያውቁም። አባቴ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻውን ሄዶ ይጠይቃቸዋል። ነገሩ በእናቴ ዘንድ ያለቀለት ነበር፤ ምራታቸው የእነሱን ሃይማኖት ስላልያዘች ንቀዋታል። አባቴ ነገሩ በተነሣ ቁጥር «አሟት ነው» ይላል። እናቴም በተነሣ ቁጥር አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሚያም፣ ስም የሌለው በሽታ ምን ዓይነት ነው ትለዋለች። እዚህ ላይ አባቴ ሁልጊዜ ተነሥቶ ይወጣል።

ሦስት ቀን ተኮራርፈው ሲያበቁ እናቴ መላ አመጣች። እኔን ምስክር አድርጋ ልትልክ። አባትሽ አገሩን ማሞገሱ አይቀርም፣ አንቺ ግን የማትዋሽ ልጅ ነሽ፣ አብረሽው ሂጂና ለሽርሽር ይሆን እንደሆን አይተሽ ንገሪኝ አለችኝ። የሚታየውን ሁሉ በደብተር አስጻፈችኝ። ሽንት ቤት አለ ወይ? ከብት ከሰው ጋር ያድራል ወይ? መኝታው ተባይ አለው ወይ? መጨረሻ ላይ እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዳ በራሷ ጽሕፈት «አቀባበል» ብላ ጻፈችና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

በእኛ ቤት አቀባበል ቀልድ አይደለም። እናቴ ያደገችው፣ ሰው ሲገባ የተቀመጠው ሁሉ ብድግ ብሎ «ኖር!» በሚልበት፣ የገባውም «በእግዚአብሔር፣ አትነሡ!» እያለ በሚማጸንበት ቤት ነው። የጎረቤት ሕፃን እንኳ ሲገባ ከወንበራችን ከፍ ካላልን ቁንጥጫ አለ። ስለዚህ ማን ለማን ተነሣ፣ ማን ለማን አልተነሣም የሚለውን እኔ ከማባዛት ሠንጠረዥ በፊት ነው የተማርኩት። ደብተሬን ደረቴ ላይ አቅፌ ከቤት ስወጣ የነበረኝን ኩራት ባያችሁ! ሚኒስትር እንኳ እንደዚያ አይንቀባረርም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው የሄድነው። በአውቶብስ እስከ አረካ፣ ከአረካ እስከ ቦምቤ ከተማ በአይሱዙ፣ ከዚያ እስከ አያቴ ቤት በእግር። ቀዩ ጭቃ ጫማዬን ሁለቴ ከእግሬ አስቀረው። ሁለተኛው ላይ ተናድጄ፣ በባዶ እግሬ ልሂድ ብዬ የቀረችውንም ጫማ ላወልቅ ጎንበስ ስል አባቴ ክንዴን ያዘኝ። እንዲያ አድርጎ ይዞኝ አያውቅም። «በዚህ አፈር ላይ በባዶ እግርሽ አትረግጪም፤ ሰማሽ?» አለኝና አዘለኝ። ጭቃ የሚፈራ መስሎኝ ጀርባው ላይ ሆኜ ሳቅኩበት። ደብተሬም ላይ «ጭቃ አለ፣ አባዬም ይፈራዋል» ብዬ አሰፈርኩ።

የአያቴ ቤት ክብ የሣር ቤት ነው፤ ከኋላው እንሰቱ ከጣሪያው በላይ ወጥቷል። የአጎቴ ሚስት አስካለች ከሩቅ አየችንና «ሳሮ! ሳሮ!» እያለች፣ ሰላም ነው ሰላም ነው ማለቷ ነው፣ እጇ ላይ ያለውን ሊጥ እንኳ ሳትጠርግ መጥታ ከአባቴ ጀርባ ላይ ነጥቃ አቀፈችኝ። እዚህ ድረስ አቀባበሉ መልካም ነበር።

ውስጡ ጨለም ይላል። አያቴ ከምሰሶው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። እሳቱ ይነዳል፣ ቤቱ ሞቋል፤ እሳቸው ግን ከወገባቸው ጀምሮ እስከ መሬት ወፍራም ቡሉኮ ጣል አድርገዋል። አባቴ ሄዶ ጉልበታቸውን ሳመ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። አያቴ እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ፊታቸው በራ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ይህ ሁሉ ሆኖ ከበርጩማው ላይ ንቅንቅ አላሉም። አንድ እርምጃ ገባ ብዬ እንደገና ጠበቅኩ። «በእግዚአብሔር፣ አትነሡ» የምትለዋን ቃል አፌ ላይ አዘጋጅቻት ነበር፤ የምላት ሰው አጣሁ። በዘጠኝ ዓመት ዕድሜዬ ተቀምጦ የተቀበለኝ አዋቂ ሰው የለም።

ስቀርብ ወደ ደረታቸው ሳቡኝ። ቅቤ ቅቤ፣ ጭስ ጭስ ይላሉ። ከሥሩ ደግሞ ሌላ፣ የማላውቀው፣ የከረመ ቁስል የመሰለ ሽታ ነበር። አፍንጫዬን ያዝኩ። አያቴ አዩኝ። እጃቸውን ከትከሻዬ ላይ ቀስ አድርገው አነሡና ቡሉኮውን በግራም በቀኝም ወደ መሬት ጎተት ጎተት አደረጉት። ከዚያ በኋላ እስክንሄድ ድረስ ወደ እኔ አልተጠጉም። እኔም አኮረፉኝ ብዬ አኮረፍኳቸው።

አስካለች ሙቿ አቀረበችልን፤ ከእንሰት የሚሠራ፣ በቅቤ የራሰ። የጊፋታ ምግብ ነው፤ ለእኛ ሲባል ከቀኑ በፊት የተሠራ። ሦስት ጊዜ አስጨመርኩ። እስከዚያ ቀን እንደዚያ የሚጣፍጥ ነገር ቀምሼ አላውቅም። እናቴ ካስጻፈችኝ ውስጥ ግን ስለ ምግብ የሚል ስላልነበረ አልመዘገብኩትም።

ከሰዓት በኋላ አባቴ ሙቅ ውሃ በሳፋ ይዞ ገባና በሩን ገርበብ አደረገ፤ እኔን ከአስካለች ጋር ጓሮ ሂጂ ብሎኝ ነበር። ምስክር ግን ጓሮ ሄዶ አይመሰክርም። ዞሬ መጥቼ በበሩ ክፍተት አየሁ። አባቴ ጃኬቱን አውልቆ፣ የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ ተንበርክኳል። ጀርባው ከለለኝና የሚታየኝ የሳፋው ጠርዝና የአያቴ ፊት ብቻ ነው። እግራቸውን እያጠባቸው ነው። እሳቸው ደግሞ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል። ደሜ ፈላ። አባቴ ማለት ክፍል ሲገባ ስድሳ ተማሪ ብድግ የሚልለት ሰው ነው፤ እዚህ እንደ ሎሌ ተንበርክኮ እያጠበ ዞር ብለው እንኳ አያዩትም!

በወላይትኛ ያወራሉ። ሁሉም አይገባኝም፤ የገባኝ ግን ይበቃኝ ነበር። የእናቴን ስም ሰማሁ። ስለ ሠርጉ ሲያወሩ፣ ስለ እኛ ስለ ልጆቹ ሲያወሩ ሰማሁ። አያቴ እየደጋገሙ አትንገራት ይሉታል። አባቴ እምቢ ይላል። በመጨረሻ የራሰ እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው አስማሉት። በእናቴ ላይ እየዶለቱ ነው ብዬ ደመደምኩ። የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይላሉ፤ የእኔ ሁለቱም ጥሬ ነበሩ።

አባቴ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። ጭሱ ነው አለኝ፤ አመንኩት።

በማግሥቱ ስንሰናበት አያቴ ያችኑ ቡሉኮ እንዳደረጉ እዚያው በርጩማ ላይ ነበሩ። አማርኛ አይችሉም፤ ሌሊቱን ከአስካለች ሲማሩ ያደሩትን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «እናት ይመጣል?» አሉኝ፣ አተኩረው እያዩኝ።

«እናያለን» አልኳቸው።

እንዲህ ነው ያልኳቸው፤ ደብተሬን እንዳቀፍኩ። አያቴ ቃሉ አልገባቸውም መሰለኝ፣ አንገታቸውን ነቅንቀው ፈገግ አሉልኝ። ወደ ቦምቤ ከተማ ስንመለስ ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ ነው ፏፏቴውን ሳናየው መመለሳችን ትዝ ያለኝ። አባቴን ብጠይቀው እርምጃውን አፈጠነ። «ፏፏቴ፦ አልታየም» ብዬ መዘገብኩ።

አውቶብስ ውስጥ አባቴ ለእናትሽ ምን ትያታለሽ አለኝ። ያየሁትን አልኩት። «ትህትናዬ፣ ዓይን ያየው ሁሉ እኮ አይፈረድበትም» አለኝ። ሌላም ነገር ሊጨምር አፉን ከፈተ፤ ጠበቅኩት፤ መልሶ ዘጋውና ከሚያዞሩት ልጆች የተጠበሰ በቆሎ ገዛልኝ። ያ በቆሎ እስኪያልቅ ድረስ ሊነግረኝ ይችል ነበር።

እናቴ ከደብተሩ ላይ ስለ ሽንት ቤቱም ስለ ከብቱም አልጠየቀችኝም። እጄን ይዛ አልጋ ላይ አስቀመጠችኝና «እንዴት ተቀበሉሽ?» አለችኝ።

«ተቀምጠው» አልኳት።

መጀመሪያ አልገባትም። አስረዳኋት። በሩ ላይ ቆሜ እንደጠበቅኩ፣ ገብቼ እንደጠበቅኩ፣ ለአባዬም ለእኔም እንዳልተነሡ፤ ማቀፍ ጀምረው እንደተዉኝ፤ አባዬን አንበርክከው እግራቸውን እንዳሳጠቡትና ፊታቸውን እንዳዞሩበት፤ በር ዘግተው አትንገራት እያሉ እንዳስማሉት። አንድም አልዋሸሁም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝም እሱ ነው፤ ዋሽቼ ቢሆን ተገርፌ ንስሐ እገባ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እናቴ ፊቷ ሲጠቁር እያየሁ፣ በደንብ ስለሰማችኝ ደስ እያለኝ ጨረስኩ።

ማታ አባቴ ለመናት። ልመናው እንደ ወትሮው ፏፏቴና ካርታ አልነበረም። «ማርዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ዓይንሽን ጨፍነሽ እመኚኝና ለጊፋታ እንሂድ» አላት።

«ምክንያቱን ንገረኝና ልመንህ» አለችው።

አባቴ እንደ ልማዱ ተነሥቶ ወጣ። ሽርሽሩ ሐዋሳ ሆነ።

ምክንያቱን በሙሉ ከራሱ አፍ የሰማሁት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ እሱም ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው። አያቴ ዝሆኔ ነበረባቸው። በእኛ አገር ዕድሜ ልኩን ቀዩን አፈር በባዶ እግሩ የረገጠ ገበሬ የሚይዘው፣ እግር እንደ ግንድ የሚያሳብጥ፣ የሚያቆስል በሽታ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሰው ግን የዘር ነው ይላል፤ ከዚያ ቤት አይጋባም፣ ከዚያ ቤት ውሃ አይጠጣም። አያቴ ከሠርጉ የቀሩት፣ የሙሽራዋ ዘመዶች የእሳቸውን እግር አይተው ለአባቴ ልጃቸውን እንዳይከለክሉት ብለው ነው። ቡሉኮውም ለዚያ ነው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩት፣ ልጃቸው ቁስላቸውን ሲያጥብ ዓይኑን ማየት ስላልቻሉ ነው።

ለምን አልነገርካትም አልኩት። አስምላኝ ነበር አለ። ከዚያ ግን እውነቱን ነገረኝ። «መሐላው ብቻ አልነበረም፤ አፍሬ ነው። እናትሽ ማታ እናንተን ስታጥብ እግር እግራችሁን እያየች እንድትሰጋ አልፈለግኩም። ከአፈሩ እንደሚመጣ እኮ አውቃለሁ፤ ተማሪ ቢጠይቀኝ አስረዳዋለሁ። ለገዛ ሚስቴ ግን አፌ አልታዘዘልኝም» አለኝ። አልፈረድኩበትም። መፍረድ ያለ ዕድሜዬ የጨረስኩት ሥራ ነው።

ሐዋሳ ደስ ይል ነበር፤ መዋሸት አልችልም። ዓሣ በላን፣ ጀልባ ተሳፈርን፣ ፎቶ ተነሣን። የጊፋታ ዕለት አባቴ ሐይቁ ዳር ብቻውን ተቀምጦ ዋለ። ወደ ቦምቤ፣ «አንመጣም» ብሎ ለመላክ ከሶዶ ሳንወጣ ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ጽፎ ሦስት ጊዜ ሲቀድ አይቼዋለሁ። ሳይልክ ቀረ። ስልክ በዚያ ሠፈር ገና አልገባም ነበር።

አያቴ በጥር ሞቱ። ለቅሶ አይቀርም፤ እናቴ ጥቁር ለብሳ፣ እኔን በእጇ ይዛ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን ቀይ መንገድ ወጣችው። ፊቷ እንደተዘጋ ነበር። ግቢው በሰው ሞልቷል። አስካለች ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ መጣችና እናቴን ከላይ እስከ ታች አይታ፣ ክንዷን ይዛ ወደ አጥሩ በር ወሰደችን። አማርኛዋ ገበያ ላይ የተማረችው ስለሆነ ወንድና ሴት አይለይም።

«ማርያማዊት አንተ ነህ?» አለቻት። «እዚህ ቁም። እዚህ ነው የቆመ።»

«ማን?» አለች እናቴ።

«አዬ» አለች አስካለች። አማትዋን ማለቷ ነው፤ በወላይትኛ እናት አዬ ይባላል። «እግሩ ታሞ ነበር። ይሄን ያህል» ብላ ሁለት እጇን አራርቃ አሳየቻት። እናቴ ወደ እኔ ዞረች፤ ከዚያ ወደ አስካለች። አስካለች ቀጠለች። «ሶርሳና ይሄ ልጅ መጥተው ሲሄዱ፣ አዬ ቦምቤ ሄደ። እግር የሚያጥቡ ሰዎች አሉ እዚያ። ስንት ዓመት ሂድ ስንለው አፈረ፣ እምቢ አለ። አሁን ሳምንት ሳምንት ሄደ፣ በዝናብ። አጠቡ፣ ቀቡ፣ በጨርቅ አሰሩ። ትልቅ ጫማ ሰፉለት። ሰባ ዓመቱ ነው፣ የመጀመሪያ ጫማው ነው። ለምን እንዲህ ትደክማለህ አልን። ማርያማዊት ለጊፋታ ሲመጣ ተነሥቼ ነው የምቀበለው አለ።»

እናቴ እጄን ጨበጠችው። አመመኝ።

«የጊፋታ ቀን ጠዋት ጫማውን አደረገ፣ እዚህ ቆመ» አለች አስካለች። «አዬ ተቀመጥ፣ ሲመጡ እንጠራሃለን አልን። ከተቀመጥኩ ቶሎ መነሣት አልችልም፣ ተቀምጬ እንዳያገኘኝ አለ። ሰው ሥጋ በላ። ሰው ጨፈረ። እሱ እንጨቱን ይዞ ቆመ። ምሳ ሰዓት እዚህ አመጣሁለት፣ ቆሞ በላ።»

«እስከ ስንት ሰዓት?» አለች እናቴ።

«እስኪጨልም» አለች አስካለች።

እኔ ማልቀስ ጀምሬያለሁ። «አልተነሡም ብዬሽ ነበር» አልኳት፤ «እማዬ፣ እኔ አልተነሡም ብዬሽ ነበር።» እናቴ ያንን በር አየችና ጎንበስ ብላ እንባዬን በነጠላዋ ጠረገችልኝ። «የላክሁሽ እኔ ነኝ» አለችኝ። እኔን ለማዳን ብላ ነው። አላዳነኝም።